ኪሶቹን ማን ሰፋቸው?

አሳየች ጉተማ ያልገባትን ነገር ዝም ብላ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ጎረቤት አዲስ በር ቢያሠራ አናጢው ማን እንደሆነ፣ እንጨቱ ከየት እንደተገዛ ሳትጠይቅ አታልፍም። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ጥቅል ታቅፎ ከሆነ፣ ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሳታውቅ ከወረደች ቀኑን ሙሉ ቅር ሲላት ይውላል። የሚያውቋት "ይቺ ሴት መርማሪ ነበር የሚወጣት" ይሏት ነበር። ሥራዋ ግን ከመርፌና ከክር ጋር ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከመንደሩ ጋር በሚገናኝበት ዳገት ላይ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የእጅ ሥራ ታስተምራለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ፤ ልጅ አልወለዱም። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አምስት ስድስት ምእመናን ቤቷ እየመጡ፣ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው ብላ ታስብ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በአንድ ሸሚዝ ነው። ዋቅጅራ የሚባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ የጀመረውን ሹራብ ሊያሳያት ወደ ጠረጴዛዋ ሲመጣ ዓይኗ የካኪ ሸሚዙ የደረት ኪስ ላይ አረፈ። ኪሱ ተቀዶ ተሰፍቷል። የልጅ ልብስ ይቀደዳል፣ ይሰፋል፤ ያ አላስደነቃትም። ያስደነቃት ስፌቱ ነው። የእጅ ስፌት ነው፤ ግን በመኪና የተሰፋ ነው ቢሏት ታምን ነበር። አንድ ወደ ፊት ሄዶ ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያጠብቅ፣ እርምጃው እኩል የሆነ፣ ቋጠሮው የት እንደተደበቀ የማይታይ ስፌት። ክሩ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

"ማነው የሰፋልህ?" አለችው።

"እናቴ።"

"እጇ ይባረክ። ከማን ተማረች?"

ልጁ ሹራቡን ተቀብሏት ሳይመልስላት ወደ ቦታው ሄደ።

በሳምንቱ ያንኑ አረንጓዴ ክር በአንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ኪስ ላይ አየችው። "እህቴ ናት የሰፋችልኝ" አለቻት ልጅቷ። ከዚያ በኋላ አሳየች ክፍል ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ኪስ ሆነ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዘጠኝ ደረሱ። አንዱ አክስቴ ይላል፣ አንዷ ሠራተኛችን ትላለች፤ አንዱ ደግሞ እኔው ራሴ ሰፋሁት ብሎ ድርቅ አለ፤ ይህ ልጅ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት እንኳ የሰው እርዳታ የሚጠይቅ ነው። ዘጠኝ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት እጅ ሊኖር እንደማይችል አሳየች ታውቃለች። ስፌት እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሰው ሊሸሽገው አይችልም።

አንድ ሌላም ነገር አስተዋለች። ዘጠኙም ቤታቸው ከዳገቱ ሥር ካለው ጅረት ማዶ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደዚያ መንደር የሚወስድ የመኪና መንገድ አለ፤ ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ ግን ልጆቹ የሚሄዱት በባሕር ዛፉ መሃል በሚያቋርጠው ጠባብ መንገድ ነው። ከበሩ ወጥተው ሃያ ደቂቃ ያህል ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ታች የእንጨት ድልድይ አለ።

በዚሁ ሰሞን መብሩካ ከትምህርት ቤት ቀረች። መብሩካ ይማም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን ከማውጣቷ በፊት የምትናገር። አሳየች ትወዳት ነበር፤ ምናልባት ራሷን ስለምታይባት ይሆናል። አንድ ሳምንት ጠፋች፣ ሁለት ሆነ። የክፍል ኃላፊዋን ብትጠይቀው "ታማ ይሆናል" አላት፤ ስም መጥሪያው ላይ ግን ከቀሪ ምልክት በቀር የተጻፈ የለም። አሳየች ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታ ሾላ ገበያ ወረደች።

የመብሩካ እናት ዘሙሩድ እዚያ ቅመማ ቅመም ትነግዳለች። እርዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። መብሩካ ከጆንያዎቹ ኋላ የዛላ በርበሬ ክምር ፊት ተቀምጣ እንጭጭ እንጭጩን ትለቅማለች። አስተማሪዋን ስታይ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ዘሙሩድ በርጩማ አቀረበችላት። "ራሴን ያመኛል ትላለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም አሉኝ። ትምህርት ቤት ሂጂ ስላት ታለቅሳለች። እኔ እኮ ሰኞ ልመጣባችሁ ነበር፤ ልጄን ጠዋት ጤነኛ አድርጌ ነው የምሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።"

"እኔም ከቤት የመጣ ነገር ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት" አለች አሳየች።

ከዚያ ዘሙሩድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ከቤት ከሆነማ አባቷ ነው" አለች። "የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። ሁለት ወር ሆነው ደብዳቤ ከጻፈ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምታነብልኝ እሷ ናት። ሰውየው ጠፋ። ልጅ ሆዷ ቢባባ ይፈረድባታል?"

አሳየች እናቲቱን እየሰማች ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር። ደብዳቤ የሚለው ቃል ሲነሣ የመብሩካ እጅ በርበሬው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። አሳየች አልጠየቀቻትም። እናቷ ፊት ብትጠይቃት መልሱ ራስ ምታት እንደሚሆን ገብቷታል።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ የምታስበው ስለ ሰፊዋ ነበር። ልጆቹ አይናገሩም፤ የሚሰፋው እጅ ግን የሚያውቀው ነገር ይኖራል። እጁን እንዴት ታገኘዋለች?

በሚቀጥለው ሳምንት ሹራቡን አስቁማ በየክፍሉ አዲስ ሥራ ሰጠች። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አደለችና "በዚህ ሳምንት የምንማረው ኪስ መስፋት ነው፤ እንደምትችሉት ሰፍታችሁ ስማችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ" አለች። ሐሙስ ከሰዓት መቶ ስልሳ ያህል ኪስ ጠረጴዛዋ ላይ ተከመረ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። የሚበዛው የዶሮ ጭረት ይመስላል። አንዳንዱ ኪስ አፉም ጭምር ተሰፍቶ እጅ አይገባበትም፤ ብቻዋን ሳቀች። የስምንተኛ ክፍሉን ልታጋምስ ስትል አንዱን አንሥታ ቀጥ አለች። አንድ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። ገልብጣ ስሙን አነበበችው፤ አፀደ ኃይለ መስቀል።

አፀደን ታውቃታለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። አባቷን ደግሞ የማያውቅ የለም። አቶ ኃይለ መስቀል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ናቸው፤ ቀን ቀን የቀበሌው በር ላይ ቆመው ገቢ ወጪውን ይፈትሻሉ። የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው።

አሳየች ልጅቷን ከትምህርት በኋላ አስቀረቻት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ስታይ አፀደ ያልተጠየቀችውን መለሰች።

"እትዬ፣ ክሩን ከዚህ አልወሰድኩም። የእናቴ ነው። ብዙ ትታልኛለች።"

"ስለ ክሩ አይደለም የጠራሁሽ። ዘጠኝ ልጅ ኪስ ላይ እጅሽን አይቻለሁ።"

"ዐሥራ ሦስት ናቸው" አለች አፀደ ቀስ ብላ።

"የት ነው የምትሰፊላቸው?"

"ድልድዩ ጋ። ተቀዶባቸው ሲመጡ እዚያ እጠብቃቸዋለሁ። ቤታቸው ሳይደርሱ እሰፋላቸዋለሁ፤ እናቶቻቸው እንዳይጠይቋቸው።"

"ቢጠይቋቸው ምን ይሆናል?"

ልጅቷ የመርፌ ጫፍ የወጋጋው አመልካች ጣቷን በአውራ ጣቷ ታሻለች።

"አፀደ፣ የምትሸፍኚው ሰው ማነው?"

"እትዬ፣ ልሂድ? አባቴ ከመግባቱ በፊት ቤት መድረስ አለብኝ።"

አሳየች ለቀቀቻት። በማግስቱ ዓርብ ደወል ሳይደወል በፊት እሷ ራሷ በባሕር ዛፉ መንገድ ወርዳ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብላ ከተቆረጠ ግንድ ኋላ ተቀመጠች። በአርባ አንድ ዓመቷ እንዲህ መደበቋ አሳፈራት፤ ግን አልተነሣችም።

መጀመሪያ የመጡት ሦስት ወንዶች ልጆች ናቸው። እየሮጡ ወርደው መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ላይ ቆሙ። መሃል የቆመው ሰሎሞን ነው፤ የአፀደ ታናሽ ወንድም፣ ስድስተኛ ክፍል። ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። ቀጥለው ትንንሾቹ መድረስ ጀመሩ። ማንም ሳያዛቸው በአንድ መስመር ተሰለፉ። አሳየች ጩኸትና ግፊያ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ጸጥታ ነው።

"እጅ ወደ ላይ" ይላል ሰሎሞን። ልጁ እጁን ያነሣል። ሰሎሞን ከትከሻው ጀምሮ በሁለት መዳፉ እየዳበሰ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል፤ "ዙር" ይለዋል፤ ኋላውን ይዳብሳል፤ "እለፍ" ይለዋል። ከአንዱ ኪስ ቆሎ ወጣ፤ መለሰለት። ከሌላው ሁለት ብይ ወጣ፤ እሱንም መለሰ። አንዲት ልጅ ግን የታጠፈ የደብተር ሉህ ተገኘባት። ሰሎሞን ሉሁን ተቀብሎ ሳያነበው ብጭቅጭቅ አደረገው። ቀጥሎ ዋቅጅራ ነበር። ኪሱ ውስጥ የሣለው ሥዕል አለ፤ አልሰጥም ብሎ በእጁ ሸፈነው። ሰሎሞን በጉልበቱ እንዲንበረከክ አዘዘው። ዋቅጅራ ተንበረከከ። ሰሎሞን ሥዕሉን ከእነ ኪሱ ቦጨቀውና ጓደኞቹን ዞር ብሎ አይቶ ፈገግ አለ።

አሳየች የዚያን ጊዜ ከተደበቀችበት ወጣች። ልጆቹ እንደ ወፍ ተበተኑ። ሰሎሞን ብቻ ቀረ፤ እጆቹ የዋቅጅራን ኪስ እንደያዙ።

"ቆሎውን መለስክ። ብዩን መለስክ። ወረቀቱን ለምን?" አለችው። ከንዴቷ ይልቅ የቀደመው ጥያቄዋ ነበር።

ልጁ አንድ ጊዜ አያትና ኪሱን መሬት ላይ ጥሎ ቁልቁል ሮጠ።

ወረቀት። አሳየች ይህን ቃል ይዛ በቀጥታ ሾላ ወረደች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች፤ ዘሙሩድ ጆንያዎቿን እየሸፈነች ነበር። አሳየች መብሩካ አጠገብ ቁጭ ብላ "ሰሎሞን የወሰደብሽ ወረቀት ምን ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ተናገረች። ደብዳቤው መጥቶ ነበር። ጎረቤታቸው ከፖስታ ሳጥን አምጥቶ ጠዋት ለእሷ ሰጣት፤ ቀኑን ሙሉ ኪሷ ውስጥ አድርጋ፣ በዕረፍት ሰዓት ሦስቴ አንብባው፣ ማታ ለእናቷ ልታነብላት ነበር። መንገድ ላይ ተቀደደ። ቁራጮቹ ድልድዩ ሥር ገቡ። ለእናቷ ብትናገር "ለምን ጠፋ" ልትባል ነው፤ ትምህርት ቤት ብትሄድ መንገዱ ያው ነው። ስለዚህ ራሷን አመማት።

ዘሙሩድ የጆንያውን ገመድ እንደያዘች ቆማ ቀረች። "እኔ ይህን ሁሉ ቀን ሰውየውን ስረግም ነው የከረምኩት" አለች።

"ትዝ ይለኛል፣ እማ" አለች መብሩካ። "በቃሌ ይዤዋለሁ።" እንባዋን ጠርጋ ከሰላምታው ጀምራ ለእናቷ ወጣችላት፤ አባቷ ወባ ይዞት ሆስፒታል እንደነበረ፣ አሁን እንደዳነ፣ ለጥር እንደሚመጣ። ዘሙሩድ የበርበሬው ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ "የወባውን እንደገና በይው" አለቻት።

ሰኞ ጠዋት አሳየች ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባች። አቶ ገብረማርያም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሰባት ዓመት በፊት ሁለት አስተማሪዎች ከቢሯቸው ደጃፍ ሲወሰዱ አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነገር አይወዱም። ያየችውን ሁሉ ስትነግራቸው እስክሪብቶአቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩ።

"ወይዘሮ አሳየች፣ ይህ የሆነው ከአጥር ውጭ ነው" አሉ።

"ልጆቹ ግን የእኛ ናቸው።"

"በሩን ከወጡ የወላጅ ናቸው። ደግሞ የማን ልጅ መሆኑን ያውቃሉ።" ወደ መስኮቱ እያዩ "ማክሰኞ ማክሰኞ ቤትዎ ሰው ይሰበሰባል ይባላል" ሲሉ ጨመሩ። "እኔ አልጠየቅኩም፣ መስማትም አልፈልግም። ግን ሰውየው ቀበሌ በር ላይ ነው የሚውሉት። ለራስዎ ያስቡ።"

አሳየች ከቢሮው ወጣች። ሙሉ ቀን ፈራች። ማክሰኞ የሚመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ግን በፍርሃቱ መሃል እንኳ ያች ጥያቄ አልለቀቀቻትም። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ቆሎ መልሶ ወረቀት የሚወስደው ለምንድነው? ከሰዓት በኋላ ደብተሮቿን ሰብስባ ድልድዩን ተሻገረች።

አቶ ኃይለ መስቀል የጭቃ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ጠመንጃቸው ግድግዳውን ተደግፏል። ስለ ኮሚቴው ጉዳይ የመጣች መስሏቸው ቦታ ለቀቁላት። ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት መጡ። ሰሎሞን አሳየችን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"ኑ" አሉ አባትየው።

አፀደ ቀረበችና እጆቿን አነሣች። አባቷ ከትከሻዋ ጀምረው የሹራቧን ኪስ፣ የቀሚሷን ኪስ፣ የደብተር ቦርሳዋን ፈተሹ። "እለፊ።" ሰሎሞን ቀረበ። በሁለት መዳፋቸው ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረዱ። "ዙር" አሉት። እንግዳ ፊት ይህን ማድረጋቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ እጅ እንደ መታጠብ ነው ያደረጉት። አሳየች እጆቻቸውን እያየች ነበር። እነዚያን እጆች ዓርብ ዕለት ጫካው ውስጥ አይታቸዋለች።

"አቶ ኃይለ መስቀል፣ ምን እየፈለጉ ነው?" አለች።

"ወረቀት።"

"ምን ዓይነት ወረቀት?"

"የትኛውንም።" ሰሎሞንን ወደ ቤት አሳለፉት። "አስናቀን አያውቁትም፤ እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው። የመጀመሪያ ልጄ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት መንገድ ላይ ፈተሹት፤ ኪሱ ውስጥ አንዲት ወረቀት ተገኘችበት። የእሱ ትሁን የሰው፣ አንብቧት ይሁን አያንብባት እስካሁን አላወቅኩም። ጠዋት ሲወጣ በዚህ በር አጠገቤ ነው ያለፈው። እጄን ኪሱ ሰድጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ነበር።"

አሳየች ነገሩን አላለሳለሰችውም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ዋቅጅራ መንበርከክ፣ ስለ መብሩካ ደብዳቤ ነገረቻቸው።

"ልጆች ሲጫወቱ አይተው ይሆናል" አሉ።

"የሚጫወት ልጅ ይስቃል። እነዚያ አልሳቁም።"

"እውነት ነው አባዬ" አለች አፀደ ከበሩ ሥር። "የሚቀደደውን የምሰፋው እኔ ነኝ።"

አባትየው ሰሎሞንን ጠሩት። ቀበቶአቸውን ይፈታሉ ብላ አሳየች ከወንበሯ ተነሥታ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። "ለምንድነው?" ብቻ አሉት።

"እንዳይያዙ ነው" አለ ሰሎሞን።

ሩቅ ላይ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ሲወድቅ ይሰማል።

"ወረቀቱን የወሰድከው እንዳይያዙ ይሁን" አለች አሳየች። "ዋቅጅራን ያንበረከክኸውስ? ኪሱንስ?"

"ኪስ ከሌለው የሚደብቅበት የለውም።"

"ፈገግ ስትልስ አይቼሃለሁ።"

ሰሎሞን አንገቱን ደፋ። "እነሱ ሲፈሩ እኔ አልፈራም ነበር" አለ።

አቶ ኃይለ መስቀል ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እጃቸውን ሲያነሡ የቀላው ዓይናቸው ወደ አሳየች ዞረ። "እናንተስ? ሁለት ወር ሙሉ ይህ ሲሆን አስተማሪ የሚባል የት ነበር?"

"አጥር ውስጥ" አለች። "በር ከወጡ የወላጅ ናቸው እያልን። ወላጅ ደግሞ ደጁ እስኪደርሱ የእኛ ናቸው ይላል። በመሃል ያለው መንገድ ጠያቂ አልነበረውም። እኔም ኪሱን ሳይ ነው የከረምኩት፤ መንገዱን ያየሁት ዓርብ ነው።"

በሳምንቱ ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ ተጠራ። ወላጆቹ በአራተኛ ክፍል ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። እንደ ወጉ መፈክሩ ተባለ። ከዚያ አቶ ኃይለ መስቀል ተነሥተው፣ ስለ ትልቁ ልጃቸው አንድም ቃል ሳያነሡ፣ "መንገድ ላይ ልጆቻችሁን የሚያስፈራራው የእኔ ልጅ ነው" አሉ። ዐሥራ ሦስት ኪስ ተቀደደ ብለው ማን ማን እንደሆነ ከአፀደ የሰሙትን ስም ጠሩ። እናቶቹ በየቤታቸው የነበረውን የተሰፋ ኪስ አሁን ገና ያዩት ይመስል እርስ በርስ ማንሾካሾክ ጀመሩ። የዋቅጅራ አባት ተነሥተው "ሰብሳቢው ባይሆኑ ኖሮ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር?" ሲሉ አቶ ኃይለ መስቀል "አይቆይም ነበር" ብለው መለሱ፤ ከሰብሳቢነቱም በዚያው ቀን ወረዱ። አቶ ገብረማርያም ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተስማሙ፤ በየሳምንቱ አንድ አስተማሪ እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወዲያ አንድ ወላጅ ከልጆቹ ጋር ይሄዳል። ሁለት አስተማሪዎች ይህ ሥራችን አይደለም ብለው አሻፈረን አሉ። የዋቅጅራ ወላጆችም አላመኑም፤ ልጃቸውን አስወጥተው ኮተቤ ወዳለ ትምህርት ቤት ወሰዱት። አሳየች ያን ሹራብ ሳይጨርሰው መሄዱን ብዙ ጊዜ ታነሣ ነበር።

አቶ ኃይለ መስቀል ልጃቸውን ይዘው የዐሥራ ሦስቱንም ቤት ዞሩ። ሾላ ሲደርሱ ዘሙሩድ ሰሎሞንን ከላይ እስከ ታች አየችው። ይቅርታውን ሲጨርስ ተቀብያለሁም አልተቀበልኩም አላለችም። ከጆንያ ላይ እርዱን አራግፋ "ተቀመጥ" አለችው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣች። "ለአባቷ ጻፍለት። ለምን መልስ እንዳላገኘ አንተው ንገረው።" ልጁ ነጩን ወረቀት ይዞ አባቱን አየ። አቶ ኃይለ መስቀል ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰሎሞን አንድ ገጽ ለመጻፍ ከሰዓት ሙሉ ፈጀበት። መብሩካ ከኋላው ቆማ የተሳሳተውን ፊደል ስታሳየው ዋለች። ሰኞ ትምህርት ቤት ተመለሰች።

ማክሰኞ ማክሰኞ የሚደረገውን ጸሎት አቶ ኃይለ መስቀል ያውቁ ኖሯል፣ አያውቁም ኖሯል፣ አሳየች ለማወቅ ብትጓጓም ይህን አንድ ነገር ሳትጠይቅ ተወችው።

የእሷ ተራ የደረሰው በየካቲት ነው። ልጆቹ ከፊት ከፊቷ እየተንጫጩ ይወርዳሉ። ሰሎሞን ከሁሉም ኋላ፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ብቻውን ይመጣል። ሁለቱ ጓደኞቹ ትተውታል፤ ትንንሾቹም ዞር ብለው አያዩትም። አሳየች እርምጃዋን ቀነሰች፤ እስኪደርስባት ጠበቀችው። ከዚያ አባቱን ካነጋገረችበት ቀን ጀምሮ በሆዷ ይዛው የነበረውን ጠየቀችው።

"አስናቀ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

ሰሎሞን ቆመ። አባቱ ለአሳየች ካነሡት ቀን በቀር ቤታቸው ውስጥ ይህ ስም ከተጠራ ዓመታት አልፈዋል። ሊያመልጣት ነው ብላ ጠበቀች፤ አልሮጠም።

"በጥርሱ ቆርኪ ይከፍት ነበር" አለ።

"ጥርሱን አያመውም?"

"አያመውም። እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ከዚህ እስከ ድልድዩ ይሮጥ ነበር። ዓይንህን በእጅህ ሸፍን ይለኛል፤ እሱ የሚሮጠው እያየ ነው፤ እኔ ግን ሁለታችንም የማናይ ይመስለኛል።"

ከፊት የነበሩት ልጆች ድምፅ ቀስ እያለ በረደ። መብሩካ እንደ መዘግየት ብላ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች፤ ክሩ ግን የታሰረ ነበር።

"ከዚያስ?" አለችው አሳየች።